ትናንት የተኛው ልጅ ዛሬ ለምን አልተኛም?

በነፋስ መውጫም ሆነ በወገዳ፣ በአርብ ገበያም ሆነ በመካነ ኢየሱስ፣ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ያላትን እናት ስለ ክብደቱ፣ ስለ ክትባቱና ስለ ምግቡ የሚጠይቃት አይጠፋም። ስለ እንቅልፉ የሚጠይቃት ግን ጥቂት ነው። እንቅልፍ የቤት ጉዳይ ነው ተብሎ ለቤቱ ይተዋል። ቤቱም የሚያውቀውን ያህል ይሞክራል፤ አልሳካ ሲል ቁጣ ይመጣል፤ ከቁጣው በኋላ ፍርሃት፣ ከፍርሃቱ በኋላ ደግሞ መድኃኒተኛ ፍለጋ ይከተላል።

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በድንገት ነው። ልጁ እስካለፈው ሳምንት ድረስ ራቱን በልቶ ምድጃ ዳር ሸለብ ያደርገው ነበር፤ መደቡ ላይ ጋቢ ጣል ከተደረገበት እስኪነጋ ድምፁ አይሰማም። አሁን ግን ጀንበር ካዘቀዘቀች ጀምሮ የእናቱን ቀሚስ ሙጭጭ አድርጎ ይይዛል፤ ኩራዙ ሲጠፋ ያለቅሳል፤ ሌሊት ባንኖ ይነሳና ቤቱን በጩኸት ይሞላዋል። በማግስቱ ቡና ላይ ምክሩ ይጎርፋል። ዓይን ነው የምትል አለች፤ ጥርስ ነው የምትል አለች፤ እንጥሉ ወርዷል የምትል አለች፤ አሞላቀቅሽው ብላ የምትቆጣም አትጠፋም።

እኔ በዚህ ምዕራፍ የምሟገትለት አንድ ነገር ነው። በድንገት የተበላሸ የሕፃን እንቅልፍ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው በቀኑ ኑሮ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቤተሰቡ ቁጭ ብሎ መጠየቅ ያለበት «ባለፉት ሁለትና ሦስት ሳምንታት እዚህ ቤት ውስጥ ምን ተለወጠ?» የሚለውን ነው። ጡት ጣለ? ታናሽ ተወለደበት? አባቱ ርቆ ሄደ? የሚተኛበት ቦታ ተቀየረ? ሰውነቱን የሚያሳክከው ነገር መጣ? መልሱ ከተገኘ መፍትሔው ከግማሽ በላይ ተገኘ ማለት ነው።

ሌሊት በዙር በዙር ነው

እንቅልፍ ከምሽት እስከ ንጋት አንድ ዓይነት አይደለም። በ1953 እ.ኤ.አ. የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ዩጂን አሰሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን የተኛ ሰው ዓይኖች ከቆባቸው ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀሱበት ጊዜ እንዳለ፣ ሕልምም በዚያ ጊዜ እንደሚበዛ ይፋ አደረጉ። አሰሪንስኪ ይህን ሲያጠና ሌሊቱን እያስተኛ ከተከታተላቸው አንዱ የስምንት ዓመት ልጁ አርሞንድ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ምርምር እንዳሳየው እንቅልፍ በዙር ይሄዳል። የአዋቂው አንድ ዙር 90 ደቂቃ ገደማ ሲፈጅ የሕፃኑ ከዚያ ያጥራል፤ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ጥልቁ እንቅልፍ ይበዛል፤ ወደ ንጋት ሕልሙ ይበረክታል።

በየዙሩ መጨረሻ ሁላችንም ለአፍታ እንነቃለን። አዋቂው ይገላበጣል፣ ጋቢውን ወደ ትከሻው ይስባል፣ መልሶ ይተኛል፤ ጠዋት ትዝ አይለውም። ሕፃኑም ሲነቃ አካባቢው ሲተኛ እንደነበረው ከሆነ እንደዚያው ያደርጋል። የእናቱን ጡት እንደጎረሰ ተኝቶ ቁርበት ላይ ብቻውን ከነቃ ግን ነገሩ ሁሉ ተለውጦ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ይጣራል። የሚጣራውም በሚያውቀው ቋንቋ፣ በለቅሶ ነው። በዚህ ላይ በአንድ ዓመት ተኩልና በሁለት ዓመት አካባቢ አፉ ይፈታል፣ እግሩ ይጠነክራል፣ ከእናቱ መለየትንም አጥብቆ ይፈራል። ደህና ሲተኛ የነበረ ልጅ በዚህ ዕድሜ ለጥቂት ሳምንታት እንቅልፉ ቢናጋ የዕድገቱ አካል ነው።

ስንት ሰዓት መተኛት አለበት ለሚለው፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ለአንድና ለሁለት ዓመት ልጅ የቀኑን እንቅልፍ ጨምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት ይላል።

ጡት የጣለ ሰሞን

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠር የሁለት ዓመት ልጅን እንቅልፍ በድንገት ከሚያናጉ ነገሮች ሁሉ ጡት መጣልን የሚያህል ያለ አይመስለኝም። እናት ስታረግዝ ወይም ልጁ «በቃው» ሲባል ጡቷን እሬት ትቀባለች። ልጁ እንደለመደው ሊጠባ ሲጠጋ አፉ ይመርራል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ ይተወዋል። ወይም ደግሞ «እስኪረሳ» ተብሎ ለአያቱ ይሰጣል። ጡቱን በእርግጥ ይረሳዋል። ሆኖም በዚያች አንዲት ቀን ልጁ ያጣው ወተት ብቻ አይደለም። የሚተኛበትን መንገድ፣ ሌሊት ሲነቃ የሚጽናናበትን፣ የእናቱን ጠረንና ሙቀት አብሮ አጥቷል። ከዚያ በኋላ ቀን ቀን ሲጫወት ውሎ ሌሊት ቢያለቅስ ምን ይገርማል?

እናቶች እሬት የሚቀቡት ጨክነው አይደለም። ሥራ በዝቶባቸው፣ ጉልበታቸው አልቆ፣ ሌላ መንገድ የሚያሳያቸው ስላልነበረ ነው። ሌላ መንገድ ግን አለ። ጡቱ በአንድ ጊዜ ከሚቀር ቀስ በቀስ ቢቀንስ ይሻላል። በመጀመሪያ የቀኑ አንዱ ጊዜ ይተውና በምትኩ የሚወደው ምግብ ይሰጠዋል፤ ከቀናት በኋላ ሌላው ይከተላል። የመኝታው ጡት በመጨረሻ የሚቀር ነው። እሱም ከመቅረቱ በፊት ከእንቅልፉ ይለያል። ልጁ ዓይኑ ሳይከደን ጠብቶ ይጨርስ፤ ከዚያ እናቱ አቅፋ እሹሩሩ ትበለው፣ ጀርባውን መታ መታ ታድርገው። ጥቂት ቀናት ቢነጫነጭም እንቅልፍን ከእጇና ከድምፅዋ ጋር ማያያዝ ይለምዳል። እጅና ድምፅ ደግሞ አባትም አለው፤ አያትም አላት።

እስቴ ውስጥ ያለች አንዲት እናት እናስብ። ሆዷ ገፍቷል፤ ትልቁ ልጇ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ እስካሁን ከጎኗ ነው የሚተኛው። ከወለደች በኋላ ከጎኗ ብታነሳው ልጁ ቦታውን የቀማው ሕፃኑ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ከመውለዷ ሁለት ወር ቀደም ብላ ወደ አባቱ ጎን ብታዛውረው ግን ሕፃኑ ሲመጣ እሱ በቦታው ተደላድሎ ይቆያል። አያቱ ዘንድ መሄዱ ግድ ከሆነም አያት መጀመሪያ ጥቂት ቀን ቤቱ መጥታ ታስተኛው። ሲሄድ የራሱን ጋቢ ይያዝ፤ እናቱ ስትለብሰው የነበረውን ያልታጠበ ነጠላ ይጨመርለት። ሌሊት ሲባንን አፍንጫው የሚያውቀውን ያገኛል። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ የሚሰጠው እረፍት ግን ብዙ ነው።

በጀርባ ላይ የሚያልቅ እንቅልፍ

አንዳንዴ መልሱ ከዚህም ይቀላል። እናት ውኃ ልትቀዳ ወይም ገበያ ስትሄድ ልጁን ታላቅ እህቱ ታዝለዋለች። ሕፃን ጀርባ ላይ ሆኖ ሲወዛወዝ እንቅልፍ ይጥለዋል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ተኝቶ 12 ሰዓት ላይ የነቃ ልጅ በ2 ሰዓት ተኛ ቢባል ከየት ያመጣዋል? የእንቅልፍ ረሃብ ልክ እንደ ምግብ ረሃብ በመቆየት ይጠነክራል፤ ማምሻው ላይ የበላ ልጅ ራት አያምረውም። ስለዚህ የቀኑ እንቅልፍ ከምሳ በኋላ ወዲያው ይሁን፤ ከ9 ሰዓት ተኩል ባያልፍ ጥሩ ነው። እህቲቱም ይህ ይነገራት፤ ሕፃኑን የምትጠብቀው እሷ ናትና።

በተቃራኒው ጨርሶ ያልተኛ ልጅም ይቸግራል። በጣም የደከመ ሕፃን ቶሎ ይተኛል ብለን እናስባለን፤ እሱ ግን ይቅበጠበጣል፣ ይነጫነጫል፣ ሌሊትም ይባንናል።

ገላን የሚያነቃ ነገር

ሌሊት የሚያለቅስ ልጅ ልብሱ ወልቆ በብርሃን ገላው ይታይ። በጣቶቹ መካከል፣ በአንጓው፣ በብብቱ፣ በመቀመጫው፣ በሕፃን ላይ ደግሞ በመዳፉና በውስጥ እግሩ ጭምር ጥቃቅን ሽፍታ ካለና ሌሊት ሌሊት ማሳከኩ ከባሰ እከክ ሊሆን ይችላል። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በአማራ ክልል እከክ በወረርሽኝ ደረጃ ተስፋፍቶ ነበር፤ በድርቁ በተጎዱ ወረዳዎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ታይተው ከሦስቱ አንዱ ገደማ ተይዞ ተገኝቷል። የእከክ መድኃኒት የሚሠራው ቤተሰቡ በሙሉ፣ የማያሳክከውም ጭምር፣ በአንድ ቀን ሲቀባ ነው። ልብሱና መኝታው በፈላ ውኃ ታጥቦ ፀሐይ ይመታዋል። ከመድኃኒቱ በኋላ ማሳከኩ ለሁለትና ሦስት ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል አልሠራም ተብሎ ተስፋ አይቆረጥም።

ቁንጫና ትኋንም እንደዚሁ ናቸው። ከብቱና ሰው በአንድ ጣራ ሥር በሚያድሩበት ደጋ ቤት ቁንጫ የሕፃንን ሌሊት ይበላል። ቁርበቱንና ጋቢውን በየጊዜው ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ መደቡን መለቅለቅ፣ ከተቻለም ጋጡን ከመኝታው መለየት ለውጥ ያመጣል። መቀመጫውን የሚያክ ልጅ ካለ ደግሞ ሌሊት በባትሪ ይታይ፤ እንደ ነጭ ክር የቀጠኑ ትሎች እንቁላላቸውን ሊጥሉ ወደ ውጭ የሚወጡት በሌሊት ነው። መድኃኒቱ በቀላሉ የሚገኝ ነው።

የጥርስም ነገር እውነት አለበት፤ የኋለኞቹ መንጋጋዎች በሁለት ዓመትና በሁለት ዓመት ተኩል አካባቢ ሲወጡ ድድ ያማል። ነገር ግን ጥርስ ከፍ ያለ ትኩሳት አያመጣም። በጥርስ ምክንያት ድድ መንቀስ፣ በጉሮሮ ምክንያት እንጥል ማስቆረጥ ደም ያፈሳል፣ ቁስሉ ይመረቅዛል፣ ባልጸዳ ምላጭም የከፋ በሽታ ይተላለፋል። ይህን በግልጽ ማለት አለብኝ፤ ሌሊት ስላለቀሰ እንጥሉ የተቆረጠ ልጅ ባልበደለው ነው የተቀጣው።

ከጉና ተራራ ግርጌ ያሉት ቀበሌዎች ሌሊቱ ይበርዳቸዋል። ሞቆት ልብሱን የሚገፋ ልጅ ወደ ንጋት ብርድ ያነቃዋል፤ ሁለት ስስ ልብስ ደርቦ ማስተኛት አንድ ከባድ ጋቢ ከመጫን ይሻላል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ምድጃ አስቀምጦ መተኛት ግን ሽታ በሌለው ጢስ ይገድላል። ለመኝታ ሻይም ቡናም ለሕፃን አይሰጥ። ጠላ ወይም አረቄ «ያስተኛዋል» ብሎ ማቅመስም ይቅር፤ መጠጥ መጀመሪያ ቢያፈዝዝ ሌሊቱን ያናጋል፣ ሕፃንንም ይጎዳል።

ሁለት ዓይነት ጩኸት

ሌሊት የሚጮኽ ልጅ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንደኛው ከተኛ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ በድንገት እሪ ብሎ ይነሳል። ዓይኑ ፈጥጧል፣ ላብ አጥምቆታል፣ ልቡ ይመታል፤ እናቱን ግን አያውቃትም፣ ሲያቅፉት ይገፋል። ወላጅን የሚያስደነግጠው፣ «ያዘው» የሚያሰኘውም ይህ ነው። ልጁ ግን ገና ከጥልቅ እንቅልፍ አልወጣም፤ አካሉ ነቅቶ አእምሮው ተኝቷል። አይነቅንቁት፣ ውኃ አይርጩበት፣ አይጩኹበት። ምድጃው ላይ ወይም ከመደቡ ጠርዝ እንዳይወድቅ ብቻ ጠብቀው አጠገቡ ይቀመጡ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ ይተኛል፤ ጠዋት ምንም አያስታውስም። በየሌሊቱ በተመሳሳይ ሰዓት የሚመጣ ከሆነ ከዚያች ሰዓት ሩብ ሰዓት ቀደም ብሎ ቀስ አድርጎ አንቅቶ መልሶ ማስተኛትን ለጥቂት ሳምንት ይሞክሩት። ቀን በቂ ያልተኛ ልጅ ላይ ስለሚብስ ቀደም ብሎ ማስተኛትም ይረዳል።

ሁለተኛው ቅዠት ነው፤ ወደ ንጋት ይመጣል። ልጁ በደንብ ነቅቷል፣ እናቱን ይፈልጋል፣ አፉን ከፈታም ያየውን ይናገራል። ይህኛው መታቀፍና መጽናናት ይፈልጋል። «ምንም የለም» ብሎ ከመገሠጽ «ፈራህ፣ እኔ አለሁ» ማለት ይሻላል።

ጠበልና ጸሎት ለቤተሰቡ ሰላም ይሰጣል፤ ማታ በመስቀል ምልክት አማትቦ የሚተኛ ልጅም ይረጋጋል። ይህ ከሕክምና ጋር አይጣላም። ክታብ ካለ ግን በረዥም ክር አንገቱ ላይ ታስሮ አይተኛ፤ ሲገላበጥ ሊያንቀው ይችላል።

በፍርሃት ማስተኛት

«ካልተኛህ አያ ጅቦ ይመጣል» ያልተባለ ልጅ በአገራችን ስንት ይሆን? በጋይንት ሌሊት ደግሞ ጅቡ ከበሩ ውጭ በእርግጥ ይጮኻል። የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ ምናቡ የሚከፈትበት ጊዜ ነው፤ እውነቱንና የተነገረውን አይለይም። ለማስተኛት የተነገረችው ማስፈራሪያ ሌሊት ሕልም ሆና ትመለሳለች። ስለዚህ ይህች ልማድ ብትቀር እወዳለሁ። ጅቡ ሲጮኽ ከሰማም «በሩ ተዘግቷል፣ አባትህ እዚህ ነው» ይባል።

ሌላዋ ልማድ ተደብቆ መሄድ ነው። እናት ገበያ ስትወጣ እንዳያለቅስ «ሳያየኝ ልሂድ» ትላለች። ዞር ሲል ያጣታል። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ የሆነበት ልጅ ማታ ዓይኑን መክደን ይፈራል፤ ከከደነ ትጠፋለችና። ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርድ አባትም፣ ወደ ዓረብ አገር የምትሄድ እናትም ተሰናብተው ይሂዱ። ልጁ ያለቅሳል፤ ያ ለቅሶ ግን ሌሊት ሌሊት ከሚመጣው ይቀላል።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም ክልሉ ከተኩስ አላረፈም። ተኩስ የሰማ ሕፃን ትርጉሙን ባያውቅም የወላጁን ፊት ያነባል። ሽንቱን መቆጣጠር የጀመረው ልጅ መኝታውን ማራስ ሊጀምር፣ ከእናቱ ሥር አልለይ ሊል ይችላል። እንዲህ ያለውን ልጅ በሸናው አይቅጡት። ሰው አጠገቡ ይተኛ፤ ትልልቆቹም የጦር ወሬ እሱ ባለበት አያውሩ።

ምሽቱን አንድ ዓይነት ማድረግ

በምዕራቡ ዓለም ልጅ ለብቻው ክፍል ተኝቶ ቀስ በቀስ ሳይታቀፍ እንዲለምድ የሚያስተምር ስልት አለ፤ አሜሪካዊው ሐኪም ሪቻርድ ፈርበር በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይታወቃል። ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ መደብ በሚያድርበት ቤት ይህ አይሆንም፤ መሆንም የለበትም። ከ29 ሺህ በላይ ሕፃናት በተካተቱበት የ17 አገራት ጥናት በብዙ የእስያ አገሮች ልጅ ከወላጁ ጋር መተኛቱ የተለመደ ሆኖ ተገኝቷል። አብሮ መተኛት ጥፋት አይደለም።

ከውጭው ምርምር ለእኛ ቤት የሚበጀው ሌላው ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ጆዲ ሚንዴልና ባልደረቦቿ በ405 እናቶች ላይ ባደረጉት ጥናት በየማታው አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል፣ ማለትም መታጠብ፣ መታሸትና ጸጥ ያለ ጨዋታ፣ የተደረገላቸው ሕፃናት ቶሎ ተኝተዋል፤ ሌሊትም ያነሰ ነቅተዋል። ይህ በጋይንት ቤት አዲስ አይደለም። ማታ እግር ይታጠባል። በሞቀ ውኃ እግሩ ይታጠብ፣ ቅቤ ወይም ቅባት ይታሽ፣ ይማተብ፣ አንዲት አጭር ተረት ወይም እሹሩሩ ይስማ፣ መብራቱ ይቀነስ፤ ስልክ አይሰጠው። ሁሉም ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ዋናው በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቅደም ተከተል መሆኑ ነው። ሌሊት ሲነቃም መብራት ሳይበራ፣ ወሬ ሳይበዛ፣ በዚያችው እጅና በዚያችው ድምፅ ይባበል። ጠዋትም በተለመደው ሰዓት ይነሳ። ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት ሳያቋርጡ የያዙት ቤተሰቦች ለውጡን ያዩታል።

አባቶችን አንድ ነገር እለምናለሁ። ከሳምንቱ ጥቂት ሌሊቶችን እናንተ ተነሱ። እንቅልፍ ያጣች እናት ትቆጣለች፤ የተቆጣች እናት ያስተኛችው ልጅ ደግሞ በድጋሚ ይባንናል።

ሌሊት የሚያለቅሰው ልጅ ትኩሳት ካለው ግን፣ በተለይ ከስማዳ ቆላ፣ ከአባይና ከበሽሎ ዳር ከሆነ የወባ ምርመራ ሳይደረግለት አይደር። ሲተኛ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ የሚቋረጥ፣ ሰውነቱ የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚደርቅ፣ አንገቱ የሚገተር፣ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ፣ መብላትና መጠጣት እምቢ ያለ፣ የሚያስመልሰው ወይም ለመንቃት የሚያስቸግር ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ ካስፈለገም ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ይላክ። ለእነዚህ ምልክቶች እስኪነጋ አይጠበቅም።